ልጆቹ ዝም የሚሉበት ቦታ

ጥር 11፣ ሐሙስ። ዓሣ አጥማጆቹ የጥምቀት ማዕበል የሚሉት ከትናንት ጀምሮ አልበረደም። ዝናቡ በጎን እየመጣ ስለሚመታ ጃንጥላ ከንቱ ነው። የተገኙት፦ አርባ አንድ ተመልካች፣ ከእነሱ ሃያ ስድስቱ ልጆች። ላይ ማሽኑ ክፍል ፊልሙን የሚያሳዩት ጋሽ ሸሃታ። ቢሮ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ አቶ ረእፋት። በር ላይ እኔ።

ዛሬ «ከሙን ቁጥር ሁለት» ተጀመረ። ሰው ከመግባቱ በፊት አቶ ረእፋት ጠርተው አንድ ክምር ወረቀት ሰጡኝ።

«እትዬ ኢንሳፍ፣ መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

«የጻፍኩት ይነበባል ካሉ እጽፋለሁ።»

«ፊልሙን ያመጣው ኩባንያ ሰዉ እንዴት እንደተቀበለው ማወቅ ይፈልጋል። ሦስት ሲኒማ ቤት መርጠዋል፤ አንዱ ካይሮ፣ አንዱ ጣንጣ፣ አንዱ እኛ እስክንድርያ። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ምን አያለሁ? በሩ ላይ የምትውይው አንቺ ነሽ። ያየሽውን ጻፊ፣ አታሳምሪ።»

ወረቀቱ ላይ ሦስት ባዶ ቦታ አለ። የሳቁበት። የፈሩበት ወይም ያለቀሱበት። ጥለው የወጡበት።

ከሙን ባቡር ጣቢያ ሥር ከእናቱ ጋር የሚኖር ትንሽ የካርቱን ጃርት ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። የእናቱን ድምፅ ያኔ የሠራችው ተዋናይቷ ሲት ዳውላት ናት፤ ነፍሷን ይማርና ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ነበራት። «ከሙን፣ እሾህህን ሰብስብ» ስትል ሕዝቡ አብሯት ይል ነበር። አሁን እናትየውን ሌላ ሰው ነው የሠራት።

እናትየው ዛሬ አፏን ስትከፍት አራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰውዬ፣ «ይቺ እኮ እሷ አይደለችም። ሴትዮዋን የት አደረሳችኋት?» አለ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። «የሳቁበት» ላይ ልጽፈው እስክሪብቶ አነሣሁና ተውኩት። እሱ ሳቅ ለፊልሙ አይደለም።

አዲሷ ድምፅ የእህቴ ልጅ ዩስቲና ናት። ለአቶ ረእፋት አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝም።


ጥር 12፣ ዓርብ። ዝናብ። ሦስት ትርኢት፣ ሦስቱም ሙሉ። እግሬ አብጧል። አንድ ሕፃን ደረጃው ላይ ተንከባሎ ግንባሩ አበጠ፤ ከሻይ ቤቱ በረዶ አመጣሁለት። ወረቀት ጻፍኩ። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ድመት ላይ ሳቁ። የባቡሩ ላይ ፈሩ። የዝናቡ ትዕይንት ላይ፦ ምንም።


ጥር 14፣ እሑድ። ጋብ ብሏል። ከቅዳሴ ስመለስ፣ እኔን አክስቷን «ኻልቶ» የምትለኝ ዩስቲና ከካይሮ ደወለች።

«ኻልቶ፣ እንዴት ነው? ልጆቹ ምን ይላሉ?»

«ይስቃሉ።»

«የት የት ላይ?»

«ሁሉም ላይ። ይልቅ አንቺ ትበያለሽ? ድምፅሽ ከሲታ ሆኗል።»

«ኻልቶ፣ ድምፅ አይከሳም። ስለ እናትየው ምንም አላሉም?»

«ምን ይላሉ? እናት እናት ናት።»

ሳቀች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣ ሦስተኛው ፊልምና የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ሊሠራ እንደሆነ፣ የእናትየው ድምፅ እሷ ትሁን ወይስ ሌላ ስመ ጥር ሴት የሚለው ሰዉ እንዴት እንደተቀበላት ታይቶ እንደሚወሰን ነገረችኝ። ይህን ሥራ ካገኘች የአምስት ዓመት እንጀራ ነው፤ ካጣችው ደግሞ ወደ ማስታወቂያና ወደ በግ ድምፅ ትመለሳለች። ቀልድ አይደለም፣ አንድ ፊልም ላይ በግ ሆናለች። ልሰማት ሁለቴ ገባሁ፤ በጎቹ ሠላሳ ስለሆኑ የቷ እንደሆነች አልለየኋትም።

ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። ብነግራት ደስ ይላታል፤ ደስ ካላት ደግሞ ተስፋ ታደርጋለች።


ጥር 16፣ ማክሰኞ። ደመና። በማታው የሦስት ሰዓት ትርኢት ላይ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ስለነበረ ቁጭ ብዬ ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ።

እህቴ ሱዓድ ስትሞት ዩስቲና አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ኩዌት ለሥራ ሄደ፤ እዚያው ሌላ አገባ፤ ገንዘብ ይልክ ነበር፣ ኋላ እሱም ቀረ። እኔ አላገባሁም። ከሰዓት ከሰዓት ሲኒማ ቤት ይዣት እመጣና ከመጨረሻው ረድፍ አስቀምጣት ነበር። ድምፅ መኮረጅ የለመደችው እዚህ ነው። እኔም ፊደል የተማርኩት እዚህ ነው። የውጭ ፊልም ሲመጣ ባሎች ከሥር የሚጻፈውን ለሚስቶቻቸው ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር። አንድ ፊልም በቀን ሦስቴ፣ ሦስት ሳምንት ሲታይ፣ ጆሮዬ የሰማውን ዓይኔ ካየው ጋር እያጋጠመ ቆየ። አንድ ቀን ባልየው ከማንበቡ በፊት አነበብኩት። ለማንም አልነገርኩም።

ማዕበል ሲመጣ ዩስቲና ትፈራ ነበር። እናቷ የሞተችው በማዕበል ቀን ስለሆነ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሰው የሚሄድ ይመስላታል። ደረጃው ላይ ሻል ለብሰን እንቀመጥና፣ «እኛ የትም አንሄድም፣ ዝናቡ ይሂድ» እላት ነበር።

አንድም ቀን አሞግሼያት አላውቅም። ዘጠና ስምንት ከመቶ አምጥታ እየሮጠች ስትመጣ፣ «ሁለቱ የት ወደቁ?» አልኳት። ጎረቤቶች «ልጅሽ ቆንጆ ሆነች» ሲሉኝ፣ «ኧረ ጥርሷን አላያችሁትም» እላለሁ። ሰው የራሱን ልጅ ካመሰገነ ዓይን ይጠራል። እናቴም ሱዓድን «ጥቁሯ ፍየል» ነበር የምትላት። ባትላት ኖሮ ደግሞ ምን ይመጣ እንደነበር ማን ያውቃል። እንደዚያ እየተባለችም ሞተች እንጂ።

ወረቀቱ ላይም ዘመድ በመሆኔ እንዳላደላ ብዬ እጠነቀቃለሁ። ሳቅ መሆኑን ከተጠራጠርኩ አልጽፈውም።

የዝናቡ ትዕይንት ሲደርስ እወጣለሁ። አዳራሹ አቧራ አለው፤ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ አዳምጣለሁ። ምንም አይሰማም።


ጥር 20፣ ቅዳሜ። ሌላው ማዕበል መጣ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍትም ተጀመረ፤ ሁለቱ አብረው። ሦስት መቶ አርባ ሰው። ወለሉ በዱባ ፍሬ ቅርፊት ተሸፍኖ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል።

በር ላይ የሰማሁት፦

አንዲት እናት፦ «የመጀመሪያው ይሻል ነበር። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይሻላል፣ እንደ ባል።» ጓደኛዋ፦ «አንቺ ሁለተኛ አለሽ እንዴ?» «የለኝም፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ።»

አንድ አባት ለልጁ፦ «ወደድከው?» ልጁ፦ «ድመቷን።» «እናትየውስ?» ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ትከሻ መነቅነቅ የት ይጻፋል?

ሁለት ወጣቶች፦ «ሲት ዳውላትን የሚተካ የለም በቃ።» «ይቺ ቆንጆ አድርጋ ትናገራለች፣ ጃርት ግን እንዲህ አይናገርም።» «አንተ ጃርት ታውቃለህ?» «አማቴን አውቃለሁ።»

ሁሉንም ጻፍኩ። የመጨረሻውን ተውኩት።


ጥር 21። ደክሞኛል። የዝናቡ ላይ፦ ምንም። የዝናቡ ላይ፦ ምንም። የዝናቡ ላይ፦ ምንም።


ጥር 23፣ ማክሰኞ። ፀሐይ ወጣች፤ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር ሄዶ አዳራሹ ሳስቷል። ጋሽ ሸሃታ ሻይ ይዤላቸው ስወጣ ከማሽኑ ጋር እየተጨቃጨቁ ነበር። አዲሱን ማሽን ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነውም እስከ ዛሬ አልወደዱትም። «ይሄ ማሽን አይደለም፣ ፍሪጅ ነው» ይሉታል።

«ጋሽ ሸሃታ፣ ሕዝብ ዝም ሲል ምን ማለት ነው?»

«የት አገር?»

«እዚሁ። እኛ ጋ።»

«የኛ ሰፈር፣ ሙሐረም በይ፣ ዝም ሲል ሁለት ነገር ነው። ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ ፊልሙ ሞቷል።» ሻይውን ፉት አሉ። «አርባ አራት ዓመት በዚህች ቀዳዳ አይቻለሁ። ይሰድባሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ለተዋናዩ ‘ኋላህን’ ይሉታል። አንዴ እንደውም ሌባውን ለፖሊሱ ጠቆሙበት። ዝም ያለ ሕዝብ ግን አጽናኝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የቱ ላይ ነው ዝም የሚሉት?»

«የዝናቡ ላይ።»

«እሱማ ረዥም ነው። እኔም እዚያ ላይ ነው ሳንድዊቼን የምበላው።»

ስለዚህ ትክክል ነው የጻፍኩት። አርባ አራት ዓመት ያየ ሰው ነው የሚለው። ከደረጃው ስወርድ ግን እንደ ሌባ በጥፍሬ ነበር የምረግጠው። ምን ሰርቄ?


ጥር 27፣ ቅዳሜ። ነፋስ ብቻ። አቶ ረእፋት ከካይሮ ተመልሰው ቢሮ ጠሩኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እትዬ ኢንሳፍ፣ አኮራሽኝ። ኩባንያው የሌሎቹን ወረቀት አንብቦ ሳቀ። ካይሮዎቹ ‘በጣም ወደዱት፣ በጣም ሳቁ’ ብለው ነው የጻፉት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ጣንጣ ደግሞ አንድ ወረቀት ጽፈው ሌላውን ገልብጠውታል። ያንቺ ግን በየደቂቃው ነው። ‘ቀጥ ያለ ሰው ነው የጻፈው’ አሉ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«በያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያ የዝናቡ ቦታ ባዶ ስለሆነ ትኩረታቸውን ሳበ። እናትየው ብቻዋን የምታወራበት ረዥሙ ትዕይንት እሱ ነው። እዚያ ላይ ሕዝቡን መያዝ ካልቻለች ይቺ ልጅ አልያዘችም ማለት ነው ብለዋል። ለቴሌቪዥኑ ሌላ ሴት ሊያስቀርጹ አስበዋል። የፊታችን ሐሙስ ይወስናሉ።»

የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። «ባዶ ስለሆነ» አልኩ።

«አዎ። ባዶውን በሐቅ የጻፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሞላው ነበር።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ስልክ ተደወለላቸው፤ እኔም ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ። ስልኩ አጭር ነበር፤ በሩ ላይ ሆኜ ሲዘጉት ሰምቻለሁ። መመለስ እችል ነበር።


ጥር 28። ምን ብዬ? «ዘመዴ ናት፣ ስለዚህ የጻፍኩት ሐሰት ነው»? ሐሰት አይደለም። ዝም ብለዋል። ዝም ነው ያሉት። ከመጋረጃው ውጭ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።


ጥር 29፣ ሰኞ። ብርድ። የነነዌ ጾም ተጀመረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም፤ ከዚያ ባቄላ ብቻ። ከትርኢቱ በፊት ዩስቲና ደወለች።

«ኻልቶ፣ ልጆቹ አሁንም ይስቃሉ?»

«ይስቃሉ።»

«የዝናቡ ትዕይንት ላይስ ምን ያደርጋሉ?»

ለምን እሱን እንደጠየቀችኝ አላሰብኩም። አፌ የለመደውን አለ። «ይስቃሉ።»

«የዝናቡ ላይ ይስቃሉ? ኻልቶ፣ እሱ እኮ የሚያስቅ አይደለም።»

«ማለቴ ይወዱታል።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። የታመመ ሰው የሚያባብል ድምፅ ነበር። «አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ አይተሽዋል?»

«ሥራ አለብኝ ዩስቲና፣ በሩን ማን ይይዛል?»

«እሺ ኻልቶ። ጾሙን አታጥብቂው፣ ጨጓራሽ አይችልም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ዮናስ የተላከበትን ትቶ ወደ ሌላ አገር በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ ተብሎ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተነቧል። እኔ መርከብም አልተሳፈርኩም። ከመጋረጃው ውጭ ነው የቆምኩት።


የካቲት 1፣ ረቡዕ። ዝናብ፤ ዓሣ አጥማጆቹ በሚቆጥሩት የማዕበል ዝርዝር ውስጥ የሌለ፣ ስም የለሽ ዝናብ። ሁለት መቶ አሥር ሰው።

ጣራው አፍስሶ የበሩን መጋረጃ አበስብሶት ስለነበረ ጋሽ ሸሃታ አውርደው ቦይለሩ ላይ አሰጡት። ከመጋረጃው ውጭ ያለውን በር ደግሞ ነፋሱ እየገፋ ይከፍተዋል፤ በተከፈተ ቁጥር ብርሃን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ ሕዝቡም «በሩን፣ አንቺ ሴትዮ፣ በሩን» ይላል። ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ በጀርባዬ ደግፌ ያዝኩት። ብለቀው ይከፈታል። የዝናቡ ትዕይንት ሲደርስ የምሄድበት አልነበረኝም።

ከሙን ከቤት ጠፍቶ ሄዷል። እናቱ ጣቢያው ጣራ ሥር ታገኘዋለች። ሁሉም የሚጠብቀው እንደ መጀመሪያው ፊልም እንድትጮህበት ነው። አትጮህም። አጠገቡ ትቀመጣለች። «እኛ የትም አንሄድም» ትለዋለች፣ «ዝናቡ ይሂድ።»

ሸራውን ማየት አልቻልኩም። ሰዉን አየሁ። ፊታቸው በሰማያዊው ብርሃን በርቶ ነበር።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከመጀመሪያ ጀምሮ ስትለፈልፍ፣ ወንበሩን በእግሯ ስትመታ የነበረች ልጅ ነበረች። እግሯን ሰበሰበች። እጇን ቀስ ብላ የአያቷ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተች፤ አያትየው ሳይዞር ኪሱን ከላይ በእጁ ሸፈነው። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ የዱባ ፍሬ በጥርሱ መካከል ይዞ ቀርቷል፤ አልሰበረውም፣ አልተፋውም። አንዲት ወጣት እናት ስልኳን ገለበጠችው። በስተቀኝ ስድስት የሰፈር ጎረምሶች፣ ለድመቷ ሲያፏጩ የነበሩት፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ በጉንጩ ተደግፎ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ይማታሉ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ቅርፊቱ መሬት ላይ ሲንኮሻኮሽ አልሰማሁም።

ትዕይንቱ አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃ ሙሉ ሁለት መቶ አሥር ሰው ከአንዲት ልጅ ድምፅ ሥር ተቀመጠ። የኔው ልጅ ድምፅ ነው። ቃሉን እኔ ነኝ ያልኩት፣ ደረጃው ላይ፣ በሻል ውስጥ። እንዲህ አምሮ እንደሚሰማ አላወቅኩም ነበር።

እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ «ምንም» ብዬ ጻፍኩት።

ሲያልቅ ለጋሽ ሸሃታ፣ «ዛሬ የዝናቡ ላይ ሕዝቡን አይተውታል?» አልኳቸው።

«ዝም ብለው ነበር። ተኝተው ይሆናል።»

«አልተኙም።»

«ሳንድዊቼን ስበላ ነበር አልኩሽ» አሉ። ቦርሳቸውን ዘጉ። «ዛሬ ግን ግማሹ ተርፎኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ውሰጂው።»

«ጾም ላይ ነኝ።»

ነገ ሐሙስ ነው።


የካቲት 2፣ ሐሙስ። ጠራ ያለ ሰማይ፣ የሚቆርጥ ብርድ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ታጠብኩ። ጾሙ ስላበቃ አንድ እንቁላል ቀቀልኩ፤ ግማሹን በላሁ። ጥቁሩን ካፖርት ለበስኩ። በጋሽ ሸሃታ ቤት በር ሥር ወረቀት አስገባሁ፦ «ካይሮ ሄጃለሁ። ለዘጠኝ ሰዓቱ ካልደረስኩ በሩን ይያዙልኝ።» ከሲዲ ጋቢር ጣቢያ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ባቡር ያዝኩ። አጠገቤ የተኛ ወታደር ነበር፤ እስከ ዳመንሁር ትከሻዬ ላይ ተደገፈ፤ አልቀሰቀስኩትም። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ራምሲስ ጣቢያ ወርጄ ደወልኩላት።

«ኻልቶ? በዚህ ጠዋት? ምን ሆንሽ?»

«ካይሮ ነኝ። የእስክንድርያን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ‘አንብቢ’ ካሉኝ ቀን ጀምሮ። አሥር ዓመት ገበያ የላክሽኝ በወረቀት አይደል? የእጅሽ ጽሑፍ ይጠፋኛል እንዴ?»

«ለምን አልጮህሽብኝም?»

«ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ደጋግሜ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ኩባንያው ስንተኛ ፎቅ ነው?» አልኳት።

«አትሂጂ። ዘመዴ መሆንሽን ካወቁ አቶ ረእፋት ያባርሩሻል።»

«ዩስቲና፣ ስንተኛ ፎቅ?»

«አምስተኛ። ሊፍቱ አይሠራም።»

በእግሬ ወጣሁ። ወረቀቶቹን የምትይዘው ሩዋይዳ የምትባል፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የፉል ሳንድዊች እየበላች ነበር። የዝናቡን ትዕይንት ከመጋረጃ ውጭ ሆኜ እንደጻፍኩት፣ ትናንት ግን ከውስጥ ሆኜ እንዳየሁት ነገርኳት። ሳንድዊቹን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ለምን ነበር የምትወጪው?» አለችኝ።

«ድምፅዋን መስማት ስለማልችል።»

«ምኗ ነሽ?»

«ልጄ ናት» አልኩ። የእህቴ ልጅ ማለት ነበረብኝ። አላረምኩትም።

ሩዋይዳ ፋይሉን ከፈተች። «የዘመድ ወረቀት አንቀበልም። ጥሩም ይሁን መጥፎ። የጻፍሽውን ሁሉ ማውጣት አለብኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።» ቆጠረችና ሃያ ሁለት ወረቀት አወጣች፤ ጎን ላይ አደረገችው። «ሰው ዘመድነቱን ሲደብቅ ያጋጥመኛል፤ ግን ልጁን ለማሞገስ ነው። ልጁን ለመጣል ሲደብቅ አላጋጠመኝም። ለምን እንዲህ ጨከንሽባት?»

«ሰው የራሱን ልጅ አያመሰግንም።»

ረዘም አድርጋ አየችኝ። «እናቴ እዚህ ቢሮ አንዴ መጥታ ነበር። አምስት ፎቅ ወጥታ፣ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ‘መስኮቱ ጠባብ ነው’ ብላኝ ወረደች።» ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። «ዛሬ መወሰን አይቻልም። የካይሮና የጣንጣ ወረቀት ለምንም አይረባም፤ ያንቺ ደግሞ ወጥቷል። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ። ምን እንደማገኝ ግን ቃል አልገባልሽም።»

«ከፊት አትቀመጪ» አልኳት። «ከፊት ከተቀመጥሽ የምታዪው ፊልሙን ነው። በሩ አጠገብ ጀርባሽን ደግፈሽ ቁሚ።»

«ለአቶ ረእፋት ግን መንገር አለብኝ።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ። ለዘጠኝ ሰዓቱ እደርሳለሁ።»

ስወርድ ዩስቲና መግቢያው ላይ ቆማለች። የቤት ነጠላ ጫማ፣ ከላይ ካፖርት፣ ከሥር የሌሊት ልብስ። ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላዋለች።

«ምን አልሽ?»

«ሥራዬን አበላሸሁ። ያንቺንም አላዳንኩም። ነገ ራሷ መጥታ ታያለች።»

«አንቺ ካይሮ ድረስ በባቡር መጥተሽ ይህን ብቻ ልትነግሪኝ ነው?» ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ትስቅ ነበር። «ነይ፣ ቁርስ ብዪ። ፊትሽ ነጭ ሆኗል።»

በእግር ወደ ጣቢያው ሄድን። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፈላፍል በዳቦ ገዛችና የእኔን ገምሳ ሰጠችኝ፤ ልጅ ሳለች እኔ እንዳደርግላት። ትኬቴን ቆረጥኩ፤ የስድስት ሰዓቱ።

«ኻልቶ» አለችኝ፣ ዓይኗን ሐዲዱ ላይ አድርጋ። «ልጆቹ ምን አደረጉ? የእውነቱን።»

ነገርኳት። ከበሩ ጀምሬ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ እጇን ኪስ ውስጥ ስለከተተችው ልጅ፣ ኪሱን ስለሸፈነው አያት፣ ፍሬውን ሳይሰብር ስለቀረው ሰውዬ፣ ስለ ስድስቱ ጎረምሶች። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «እንደገና» አለች።

እንደገና ጀመርኩ። ጎረምሶቹ ጋ ስደርስ ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሰው እየተጋፋ ሲሳፈር አየሁት። «ሂጂ፣ ያመልጥሻል፣ በሩን ማን ይይዛል?» አለችኝ። «ድምፅሽ» አልኳት፣ «ድምፅሽ በጣም ያምራል»፤ ከዚያ ከጎረምሶቹ ቀጠልኩ። የስድስት ሰዓቱ ባቡር ሲወጣ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር።